የፈረንሳይኛ የልጆች መዝሙርና የእጅ ሥራ፦ ከ3 ዓመት በታች ላሉት የቱ ከየቱ ይሄዳል?

ፀደይ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ሆኜ ቤት ውስጥ አራት ልጆች እጠብቃለሁ። ትንሹ 18 ወሩ ነው፣ ትልቋ 3 ዓመት ሊሞላት ነው። ኮምቲን (የፈረንሳይኛ የልጆች መዝሙር) በየቀኑ እንዘምራለን። የእጅ ሥራ ልጨምርበት ብዬ የታተመ ሥዕል ቀለም ሳስቀባቸው ግን ቶሎ ይሰለቻሉ፣ ከመዝሙሩም ጋር አያገናኙትም። ኮላውም ቶሎ አይደርቅም። ምን ከምን ጋር ላድርግ? ቤት ውስጥ በማይጠፋ ዕቃ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ካርቶንና መቀስ፦
እህቴ፣ መዝሙሩ ውስጥ ማን እንዳለ ሳይሆን ምን እንደሚደረግ እይ። «ዩን ሱሪ ቬርት» ላይ አረንጓዴዋ አይጥ ሣር ውስጥ ትሮጣለች፣ በጅራቷ ትያዛለች፣ ዘይት ውስጥ ከዚያም ውሃ ውስጥ ትነከራለች፣ በመጨረሻ ትኩስ ቀንድ አውጣ ትሆናለች። ስለዚህ የሚያዝ ጅራት ያላትና የምትነከር አይጥ ያስፈልግሻል፤ ሥዕሏ ምንም አያደርግላቸውም።

የሶፍት ካርቶን ቱቦ ውሰጂ። ልጁ በቁራጭ ስፖንጅ አረንጓዴ ቀለም ይቀባው። ብሩሽ ውሃ ስለሚያበዛ ካርቶኑ ይላቀቃል። ሲደርቅ የቱቦውን አንድ አፍ ከፊትና ከኋላ ወደ ውስጥ ተጫኚው፤ ግራና ቀኝ ሹል ሆነው የሚቀሩት ጆሮዎቿ ናቸው፣ ኮላ አይፈልጉም። ለጅራቷ በታችኛው ጫፍ በኩል ከውስጥ ፕላስተር ለጥፊና በወስፌ ብሺው። 15 ሴ.ሜ የሱፍ ክር አሳልፈሽ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ቋጥሪው። ፕላስተሩ ካልተለጠፈ ቀዳዳው እየሰፋ ቋጠሮው ያመልጣል። ክሩን በኮላ ብቻ ካጣበቅሽው ደግሞ ገና አንዴ ሲዘመር ጅራቷ እጃቸው ላይ ይቀራል፤ መጎተቱ ነው እኮ ጨዋታው! ዓይኗን በእስክሪብቶ ሳዪው።

ለዘይቱና ለውሃው ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አቅርቢ፣ አንዱ ውስጥ ቢጫ ጨርቅ፣ ሌላው ውስጥ ሰማያዊ። እውነተኛ ውሃ ከሆነ አይጧ ትፈርሳለች።

አቢ፦
ለ18 ወሩ ልጅ ይህ ይከብዳል። እሱን «አንሲ ፎን ፎን ፎን» ይበቃዋል፤ አሻንጉሊቶቹ ሦስት ዙር ዞረው የሚሄዱበት ነው። ካረጀ ካልሲ አፍ 4 ሴ.ሜ ስፋት ቆርጠሽ በልጁ እጅ ላይ አጥልቂለት፣ 10 ሴ.ሜ የሚሆኑ የጨርቅ ቁራጮች ስፊበት። እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ይወዛወዛሉ፤ «ሄዱ» ሲባል እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል። በዚህ ዕድሜ የእጁን አንጓ አዙሮ መጨፈር አይጠበቅበትም፣ መነቅነቅ ይበቃል። በካልሲው ፋንታ የብር ላስቲክ እንዳታደርጊ፣ ደም ያግዳል።

የወረቀት ሳህን፦
«ፕቲ ኤስካርጎ»ን እንዳትረሺ። ቀንድ አውጣው ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ ዝናብ ሲመጣ ደስ ብሎት ጭንቅላቱን ያወጣል። የወረቀት ኩባያ ቂጥ ላይ 1 ሴ.ሜ ስንጥቅ አድርጊና የአይስክሬም እንጨት አስገቢ። ከኩባያው ውስጥ ባለው ጫፉ ላይ 5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው የካርቶን ጭንቅላት ለጥፊ። ከታች ሲገፋ ብቅ ይላል፣ ሲጎተት ይደበቃል። ጭንቅላቱ ከስንጥቁ ስለሚሰፋ ተንሸራቶ አይወጣም።

ስለ ኮላው፦ ኩባያውን ከውጭ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ጠምጥሚው። ልጆቹ ባለ ቀለም ወረቀት እየቀደዱ ይለጥፉበት። የሚደርቅ ነገር የለም። መቅደዱ ራሱ ለሁለት ዓመት ልጅ ትልቅ ሥራ ነው፤ መቀስ አትስጫቸው።

ፀደይ፦
በጣም አመሰግናለሁ። «ባቶ ሱር ሎ» (ጀልባ በውሃ ላይ) የሚለው መዝሙር ላይ ከወይን ቡሽ ጀልባ ብሠራስ? የጨው ሊጥም አስቤ ነበር።

ካርቶንና መቀስ፦
ሁለቱንም ተዪ። የሶፍት ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቅ ይችላል፤ ቡሽ ደግሞ በደንብ ያልፋል። በጎማ ብታስሪያቸውም ጎማው ይፈታል። የጨው ሊጥ አንድ እጅ ጨው ለሁለት እጅ ዱቄት ስለሆነ ልጅ ከዋጠው ጨው ይበዛበታል፣ እነሱ ደግሞ ሁሉንም ይቀምሳሉ።

ለጀልባው የ1 ሊትር ወተት ካርቶን ከነክዳኑ በቁመቱ ለሁለት ክፈይ። ከውስጥም ከውጭም ፕላስቲክ የተቀባ ስለሆነ ቶሎ አይርስም፤ የተቆረጠውን ጠርዝ ግን በፕላስተር ሸፍኚ፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ሸራ አትትከዪለት። ብዙ ሰው መጨረሻው ላይ «ፕሉፍ!» ብሎ ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ መገልበጡ ያስፈልጋል። ሳፋው ላይ 5 ሴ.ሜ ውሃ ይበቃል፣ አንቺ ግን ከአጠገባቸው አትነሺ፤ እንደጨረሱ ወዲያው ድፊው።

አቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ መዝሙሩን ከነእንቅስቃሴው ሳምንት ያህል ከለመዱ በኋላ ነው ሥራው የሚመጣው። ቀድሞ ከመጣ ዕቃው ላይ ብቻ ያፈጣሉ፣ የሚዘምረው አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ። ቀለም የሚቀባውን ጠዋት፣ ጨዋታውን ከእንቅልፍ በኋላ አድርጊው፤ እስከዚያ ይደርቃል።