ስሌቴ 1.2 ቮልት ይላል፣ ቴስተሩ 3.9 ይላል፤ ማንን ልመን?

ባለ ፓምፑ
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ራሴን ያዞረኝን ነገር ይዤ መጣሁ። ባለ 24 ቮልት የዲሲ ፓምፕ አለኝ። ከባትሪው እስከ ፓምፑ 30 ሜትር ነው። የዘረጋሁት የመዳብ ገመድ ነው፤ ላዩ ላይ «10 ኤደብሊውጂ» (የአሜሪካኖቹ የሽቦ ውፍረት ቁጥር) ይላል። መቼም ሳላሰላ አልዘረጋሁም። ሠንጠረዥ አወጣሁ። ለ10 ቁጥር ገመድ በ1,000 አንድ ኦም ይላል። ደርሶ መልስ 60 ሜትር፣ ስለዚህ 0.06 ኦም። ፓምፑ 20 አምፔር ይስባል። 20 በ0.06 ሲባዛ 1.2 ቮልት። ይቺማ ምንም አይደለች ብዬ ሥራ ጀመርኩ።

አሁን ፓምፑ እየሠራ ባትሪው ላይ 25.2፣ ፓምፑ ጋ 21.3 ቮልት ነው የማነበው። 3.9 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ! ክላምፕ ሜትሩ 20 አምፔር ይላል፣ እሱ ላይ ችግር የለም። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ፈትቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ መልሼ አሰርኩ። ወይ ፍንክች። ቴስተር ተውሼ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ገመዱ ፎርጅድ ይሆን? ከሻጩ ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝ።

ሌላም አለ። የፓምፑ ታርጋ «24 ቮልት፣ 20 አምፔር፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት» ይላል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት 373 ዋት ነው። 24 በ20 ግን 480። ታርጋውም ይዋሻል እንዴ?

ሽቦ ጎታች
ቆይ፣ ገና አትጣላ። 3.9ን ለ1.2 አካፍለው። 3.25 ይመጣል። ይህቺን ቁጥር አታውቃትም? አንድ ሜትር 3.28 ጫማ ነው። እስቲ ሠንጠረዡን ክፈትና «1,000» ካለው አጠገብ ምን እንደተጻፈ ንገረን።

ባለ ፓምፑ
«1,000 ጫማ»። ገጹ አናት ላይ፣ በደቃቅ ፊደል። እኔ ሜትር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ መጋጠሚያ ስፍቅ!

ሽቦ ጎታች
ያልደረሰበት የለም፣ አይዞህ። 60 ሜትር ማለት 197 ጫማ ገደማ ነው። ስለዚህ 0.197 ኦም፣ በ20 አምፔር 3.9 ቮልት። ገመድህ ንጹሕ ነው፣ ቴስተርህም ልክ ነው። መንገድ ላይ የሚቀረው 79 ዋት አካባቢ ነው። በ60 ሜትር ሽቦ ላይ ስለተበተነ ገመዱን በእጅህ ብትነካው እንኳ ብዙም አያስታውቅም።

ተንኮሉ ምን መሰለህ? ቮልት፣ አምፔር፣ ኦም የትም ብትሄድ አንድ ናቸው። በጫማና በፓውንድ የሚለካውም ሰው የራሱ ኦም የለውም። ስለዚህ ሠንጠረዥ ላይ ኦም ስናይ ሁሉም በለመድነው መለኪያ የተጻፈ ይመስለናል። ጫማው በኦም ጀርባ ታዝሎ ይገባል።

ዘንግ
ስለ ታርጋው እኔ ልመልስ። አልዋሸም። የፈረስ ጉልበቱ የሚነግርህ ዘንጉ ላይ የሚወጣውን ነው። ቮልት በአምፔር ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን። 373 ለ480 ሲካፈል 78 በመቶ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ደህና ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ገመድና ፊውዝ ስትመርጥ ፈረሱን እርሳው፣ አምፔሩን ያዝ። የሚገርመው፣ የፈረስ ጉልበትን ለገበያ የቀመረው ጄምስ ዋት ራሱ ነው። ስሙ ግን ለተፎካካሪው መለኪያ ተሰጠ።

በኤሲ፣ ማለትም በክፍል ማቀዝቀዣ፣ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚያጋጥምህ። እኔ 12,000 ቢቲዩ (የእንግሊዞች የሙቀት መለኪያ) የተጻፈበትን ኤሲ አይቼ ወደ ኪሎዋት ቀየርኩ፦ 3.5። ስሌቱ ትክክል ነው። ለዚያ የሚሆን ኢንቨርተር ልገዛ ስል ታርጋውን ዝቅ ብዬ ሳነብ «1.1 ኪሎዋት» ይላል። 3.5ቱ ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት ነው፣ 1.1ዱ ከሶኬት የሚስበው። ቢቲዩ ብቻውን ቆሞ ሲሸጥ በሰዓት መሆኑን እንኳ አይጽፉልህም።

ባለ ፓምፑ
ገባኝ። መጀመሪያ ያሰብኩትን 1.2 ቮልት ለማግኘት ታዲያ የስንት ቁጥር ገመድ ልግዛ? አንድ ወዳጄ 16 በቂ ነው አለኝ።

ሽቦ ጎታች
ኧረ ተጠንቀቅ! 16 ምን? 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ወዳጅህ ልክ ነው፤ በ60 ሜትር 0.065 ኦም ገደማ ነው፣ 1.3 ቮልት ይወስድብሃል። 16 ኤደብሊውጂ ግን 1.3 ሚሊ ሜትር ካሬ ብቻ ነው። በዚያኛው ቁጥሩ ሲጨምር ገመዱ ይቀጥናል። አሁን የዘረጋኸው 10 እንኳ 5.26 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ሱቅ ገብተህ «16 ቁጥር» ብቻ ካልክ የመብራት ሽቦ ይሰጡህና በ20 አምፔር ከልክ በላይ ይግልብሃል። «ሚሊ ሜትር ካሬ» በል፣ ከተቻለም ጫፉን አይተህ ግዛ።

ባለ ፓምፑ
ትናንት ዘረጋሁት። ባትሪው ላይ 25.2፣ ፓምፑ ጋ 23.9። ውሃውም ድምፁ ሳይቀር ተለውጧል። ሠንጠረዡ ላይ «ጫማ» የምትለዋን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤያታለሁ። አዲሱን ገመድ የገዛሁት ከዚያው ሻጭ ነው። ሦስት ቀን በሆዴ ስረግመው እንደከረምኩ ግን አልነገርኩትም።