የወረቀት አውሮፕላናችን ቀና ይልና ይወድቃል፤ ችግሩ ወረቀቱ ነው ወይስ አጣጠፋችን?

ሳይንስ ክበብ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የ6ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ክበባችን የወረቀት አውሮፕላን ውድድር እያዘጋጀ ነው። ልጆቹ በደብተር ወረቀት የሠሩት ሲወረወር አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል፣ አየር ላይ ቆም ይላል፣ ከዚያ ዝርግፍ ይላል። በወፍራም ወረቀት የሠሩት ደግሞ በአፍንጫው ይተከላል። የቱን ወረቀት ልግዛላቸው?

የናሆም እናት፦
መምህር፣ ከመግዛትዎ በፊት ሚዛኑን ይዩ። አውሮፕላኑን ከክንፎቹ ሥር በሁለት ጣት ጫፍ ደግፈው ያንሱት። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል የሚቆምበት ቦታ የክብደቱ ማዕከል ነው። ይህ ቦታ ወደ ጅራቱ ከተጠጋ ያሉት ነገር ይመጣል። አፍንጫው ሲነሳ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ክንፉም መሸከም ያቅተዋል። አፍንጫው ላይ አንድ ክሊፕ ይሰኩ፣ ወይም የፊቱ ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት እጥፋት ይጨምሩ። ወረቀት መቀየር አያስፈልግም።

ሰማያዊ፦
በሚዛኑ እስማማለሁ፤ ወረቀቱ ግን ለውጥ አለው። ሪሙ (የወረቀቱ እሽግ) ላይ 80 ግራም የሚል ጽሑፍ ያያሉ። የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። ኤ4 የካሬ ሜትር 1/16ኛ ስለሆነ አንዱ ወረቀት 5 ግራም ይመጣል። ልጆቹ ራሳቸው ቢያሰሉት ደስ ይላል። ጋዜጣ ቀላል ነው፣ ግን ልፍስፍስ ነው፤ በኃይል ሲወረወር ክንፉ ይጣመማል። ወፍራሙ ደግሞ እጥፋቱን አይዝም። እየተከፈተ አየር ይይዛል፣ ስለሚከብድም ፈጥኖ ካልበረረ አይንሳፈፍም። ለጀማሪ 80 ግራሙ ይበቃል።

ዓይነ ሰማይ፦
ውድድሩ የርቀት ነው የቆይታ? መጀመሪያ ይሄን ይወስኑ። በፈረንጆች 2022 አሜሪካ ውስጥ 88.318 ሜትር የሄደው አውሮፕላን ከ100 ግራም ኤ4 የተሠራ ነበር፤ የተወረወረውም በሙሉ ኃይል ነው። ጃፓናዊው ታኩዎ ቶዳ ደግሞ በፈረንጆች 2010 አየር ላይ 29.2 ሰከንድ አቆይቷል። ለርቀት ቀጠን ያለ ክንፍና ጠንካራ አፍንጫ፣ ለቆይታ ሰፊ ክንፍና ቀላል ወረቀት። ሁለቱን በአንድ ውድድር ቀላቅሎ መዳኘት ልጆቹን መበደል ነው።

ሳይንስ ክበብ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሊፑ ሠርቷል! ውድድሩ የርቀት ነው። አሁን ግን ወደ ግራ ይጠመዘዛል።

የናሆም እናት፦
ከኋላ ሆነው በአንድ ዓይን ይመልከቱት። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ክንፍ ከሌላው ዝቅ ብሎ ያገኙታል። ሁለቱንም እኩል ያድርጓቸው፤ ጫፋቸው ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ያኔ ቢያዘነብል እንኳ ራሱን ያቀናል። አሁንም ግራ ካለ የሆዱን (ሲወረውሩ በእጅ የሚይዙትን የመሃል እጥፋት) የኋላ ጫፍ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ያጉብጡት።

ሰማያዊ፦
አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አወራወሩ ፈጠን ይበል። ክሊፑ በዝቶ በአፍንጫው መተከል ከጀመረ የሁለቱን ክንፎች የኋላ ጠርዝ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ላይ ቀና ያድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ሁለቱን አብረው ከነኩ የቱ እንደሠራ አይለይም። ሙከራውንም ነፋስ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ያድርጉት።