የጋሪው ቀለም እየተላጠ ነው፣ ስቲከሩም ወደቀ! ሰኞ ጠዋት ርክክብ አለብን፣ እርዱን

አረንጓዴ ጋሪ (ጠያቂ)፣ ዓርብ ማታ
በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጅማ ነን። ስድስት ልጆች ሆነን የጽዳትና የቆሻሻ ማንሳት ሥራ ጀምረናል። ሁለት ውል ይዘናል፣ አንዱ የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ ሌላው ክሊኒክ። ውሉ ላይ "የድርጅቱ ቀለምና አርማ ያለበት የሥራ ዕቃ" የሚል አለ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዕቃውን አሰልፈን ማሳየት አለብን። 4 ጋሪ አረንጓዴ ቀባን። 14 ቢጫ በርሜል ላይ አርማችንን በስቲከር ለጠፍን። የትናንቱን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ የጋሪው ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ በጥፍር ይነሳል። ስቲከሩ ግማሹ መሬት ላይ ነው፣ ግማሹ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ጋሪውን ሦስት ጊዜ ነው የቀባነው! ብር አልቋል። ምን ላድርግ?

ጀበና
ድንቹን በሚጥሚጣ ብሉት።

የሄርማታ ልጅ
አቼቶ። ጋሪውን በአቼቶ እጠበው፣ ይድረቅ፣ ቀባው። አለቀ።

ባለ ብሩሽ
ልጄ፣ "ቀለም ተላጠ" ብሎ መጠየቅ "ሆዴን አመመኝ" ብሎ ሐኪም ላይ እንደ መጮህ ነው። ምን በላህ? የት ጋ ነው የሚያምህ? ብረቱ ምን ዓይነት ነው? ምን ቀለም ነው የቀባኸው? ከሥሩ ምን አደረግህ? በምን አጠብከው? ስንት ሰዓት ደረቀ? የዛሬ ልጆች ቆርቆሮ ትከፍቱና ብሩሽ ትነክራላችሁ። እኛ በጊዜያችን አንድ በር ለመቀባት ሁለት ቀን ብርጭቆ ወረቀት ስንፈትግ ነው የምንውለው፣ ቀለሙ የመጨረሻው ግማሽ ቀን ነው። ቀለም ልብስ ነው። ገላውን ሳይታጠብ አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ምን ይሸታል? ደግሞ በክረምት፣ ጅማ ላይ፣ ደጅ ቀብቶ ደጅ ማሳደር! ጤዛው ብቻውን ይበቃዋል። መጀመሪያ ጥያቄዬን መልስ።

አረንጓዴ ጋሪ
እሺ ጋሼ፣ አይቆጡ። ብረቱ ያው የጋሪ ብረት ነው፣ ነጭ የሚያብለጨልጭ ላሜራ። ቀለሙ የዘይት ቀለም ነው፣ ጥሩ የሚባለው። ከሥሩ ምንም አላደረግንም፣ ላሜራው አዲስና ንጹህ ነበር እኮ። ዝገት የለውም። በጨርቅ ብቻ ወለወልነው።

አባቡና ደጋፊ
ወንድሜ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አርማ ለቆሻሻ ጋሪ ምን ያደርጋል? ሰው ቆሻሻው መነሳቱን ነው የሚያየው። በአርማው ብር አንድ ጋሪ ትጨምር ነበር። አገሩ ሁሉ ሥራ ሳይጀምር ሎጎ ያሠራል።

አረንጓዴ ጋሪ
ውሉ ላይ አለ አልኩህ እኮ። ደግሞ ጋሪያችን ሁለቴ ተሰርቆ ሸዋ በር አካባቢ ነው የተገኘው። ምልክት ባይኖረው የእኔ ነው ብለን እንዴት እንወስደው ነበር?

አባቡና ደጋፊ
እሱስ ልክ ነህ። ስለ ስርቆቱ አላሰብኩም ነበር።

የሄርማታ ልጅ
አቼቶ አልኩህ።

ኬሚስትሪ ጠላሁ
ነጭ የሚያብለጨልጭ ካልክ ጋልቫናይዝድ ነው፣ ማለትም እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲቀባ ቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይትና ዚንኩ ቀስ በቀስ ይያያዙና መሃል ላይ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይፈጠራል። እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይባባሳል። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ደህና ነው፣ ከሥሩ ግን የያዘው ነገር የለም። ስለዚህ ነው እንደ ልጣጭ የሚነሳው። ሦስት ጊዜ አይደለም ሠላሳ ጊዜ ብትቀባው ያው ነው። ዝገት የለውም ያልከው ራሱ ምልክቱ ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬ ፈተና ላይ ስቼዋለሁ፣ ስለዚህ አልረሳውም።

ባለ ብሩሽ
ይኸውላችሁ! ልጁ በትምህርት ያለውን እኔ በእጄ ነው የማውቀው። ስማ አረንጓዴ። የተነሳውን በስፓቱላ ላጥ፣ የቀረውንም አትመነው፣ እሱም ነገ ይነሳል። በሳሙናና በውሃ እጠብ፣ በደንብ አለቅልቅ፣ አድርቅ። ከዚያ በ180 ወይም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ ብቻ አሻክረው። አትጨክንበት፣ ዚንኩን ከፈተግከው ዝገት ይገባል። ከዚያ ለጋልቫናይዝድ የሚሆን ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው የሥር ቀለም፣ ነው የሚቀባው። ቀለም ቤት ስትሄድ "ለነጭ ላሜራ" ብለህ ንገራቸው። ዝም ብለህ ፕራይመር ካልክ ቀዩን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ይሰጡሃል፣ አብዛኛው የዘይት ስለሆነ እሱም ይላጣል። ቆርቆሮው ላይ ጋልቫናይዝድ የሚል ጽሑፍ ካላየህ አትግዛ። ከፕራይመሩ በኋላ አረንጓዴህን ቀባ።

የሄርማታ ልጅ
በብርጭቆ ወረቀት ፋንታ አቼቶ ይበቃል። አጎቴ የጣሪያ ቆርቆሮ በአቼቶ አጥቦ ነው የቀባው።

ባለ ብሩሽ
አቼቶ ፊቱን ትንሽ ያሻክረዋል፣ አልዋሽም። ፕራይመርን ግን አይተካም። ደግሞ አለቅልቆ ካላጠበው አሲዱ እዚያው ይቀራል። የአጎትህ ጣሪያ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?

የሄርማታ ልጅ
...የጎረቤቱ ይብሳል።

ጀበና
😂😂 ጣሪያው አቼቶ አቼቶ ይሸታል ማለት ነው፣ ሰላጣ ብቻ ጎደለው

ስቲከር ቤት
ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ስለ በርሜሉ ልናገር። ጥፋቱ የስቲከሩ ላይሆን ይችላል፣ የሠራሁልህ እኔ ባልሆንም 😅። በርሜሉን ገልብጠህ ከሥሩ እየው። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 የሚል ቁጥር ካለ፣ ያ ፕላስቲክ ምንም ነገር እንዲይዘው አይፈልግም። ውሃ ጠብ አድርግበት፣ ሳይዘረጋ ተንከባሎ ይቆማል። ሙጫም እንደዚያው ነው። ለመኪና የሚሆን ስቲከር እዚያ ላይ አይቆይም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ሙጫው ጠንካራ የሆነ ሌላ ቪኒል (የስቲከር ፕላስቲክ) አለ፣ ግን ጅማ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። በምን ነው ያጸዳኸው?

አረንጓዴ ጋሪ
ቁጥሩ 2 ነው። በርሜሎቹ ያገለገሉ ስለሆኑ የድሮውን ጽሑፍ በናፍጣ ነው ያስለቀቅነው። ከዚያ በጨርቅ አድርቀን ለጠፍን።

ስቲከር ቤት
ናፍጣ!!! ወላሂ እኔ ራሴን ነው የያዝኩት። ናፍጣ ጽሑፉን አንስቶ ዘይቱን ትቶ ይሄዳል። በዘይት ላይ ነው የለጠፍከው።

ኬሚስትሪ ጠላሁ
ፕላስቲኩን በእሳት ነበልባል ቶሎ ቶሎ እያለፉ መንካት አለ፣ ፋብሪካም ይጠቀምበታል፣ ከዚያ በኋላ ሙጫ ይይዛል።

ባለ ብሩሽ
ናፍጣ የጠጣ በርሜል ላይ እሳት? አንተ ልጅ ፈተናውን የሳትከው በዚህ ነው።

ሲስተር ዜድ
እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ቢጫው በርሜል ክሊኒኩ ውስጥ ነው የሚቆመው?

አረንጓዴ ጋሪ
አዎ እህቴ፣ 6ቱ እዚያ ናቸው። ቢጫና አረንጓዴ የድርጅታችን ቀለም ነው። ምነው?

ሲስተር ዜድ
እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። ጤና ተቋም ውስጥ ቢጫ ማለት ተላላፊ ቆሻሻ ማለት ነው። ደም የነካው ፋሻ፣ ጓንት፣ ጥጥ። ጥቁር ደግሞ ተራው ቆሻሻ ነው፣ ወረቀት፣ የምግብ ትርፍራፊ። መርፌና ምላጭ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው የሚገባው። አሁን አስበው። ነርሷ ቸኩላ ነው ያለችው፣ ቢጫ አየች፣ ደም የነካውን ጣለች። እሷ አላጠፋችም። ያንተ ልጅ ደግሞ "የእኛ ቢጫ በርሜል ነው፣ የሙዝ ልጣጭ ነው" ብሎ በእጁ ይጎትተዋል፣ ጋሪው ላይ ይገለብጠዋል። አርማችሁ ያማረ ይሁን፣ በርሜሉ ግን ለክሊኒኩ ቢጫ መሆን የለበትም። ማለት፣ ተላላፊውን እንድታነሱ ካልተዋዋላችሁ በስተቀር። እሱም ቢሆን ሌላ ሥልጠናና ሌላ ጓንት ነው።

አረንጓዴ ጋሪ
ኧረ! ይህን ማንም አልነገረንም። ተራውን ብቻ ነው የተዋዋልነው። ግን ውሉ የድርጅቱ ቀለም ይላል፣ ጥቁር ብናመጣ አይቀበሉንም ብዬ ፈራሁ።

ሲስተር ዜድ
ነገ ሄደህ የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋን ወይም ኃላፊውን አናግር፣ ብዙ ክሊኒክ እንዲህ ያለ ሰው አለው። "በርሜሉ ጥቁር፣ አርማው በቀለማችን" በላቸው። ውሉን የጻፈው ሰው ስለ ቀለም ኮድ አላሰበ ይሆናል። ቢጫዎቹን ወደ እንግዳ ማረፊያው ውሰዳቸው፣ እዚያ ችግር የለውም። ሰኞ ጠዋት አሰልፈህ ከሚመልሱብህ ቅዳሜ ብትጠይቅ ይሻላል።

አባቡና ደጋፊ
አይ፣ ይኸው አርማ ምን ያደርጋል ያልኩት 😏 (ቀልድ ነው ሲስተር፣ በጣም ጥሩ ነው የተናገርሽው)

ስቲከር ቤት
እንግዲያው ሰኞ የሚያድናችሁን ልንገራችሁ፣ ሌላውን በኋላ ቀስ ብላችሁ ሥሩ። በርሜሉ ላይ ስቲከር መለጠፍ ተዉ። ታርጋ አሠሩ። እንደ መኪና ታርጋ፣ በቀጭን አሉሚኒየም ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ አርማው ይለጠፋል፣ አሉሚኒየም ላይ ስቲከር በደንብ ይይዛል። አሉሚኒየሙን በአልኮል ወልውላችሁ፣ ለጥፋችሁ፣ አንድ ቀን ሳይታጠብ ይቀመጥ። ከዚያ የበርሜሉ ከንፈር አጠገብ በሪቬት ምቱት። ላይኛው ጫፍ ላይ ይሁን፣ ታች ከበሳችሁት ፈሳሹ ይፈሳል። ከውስጥ በኩል ሮንዴላ አድርጉ፣ አለበለዚያ ፕላስቲኩ ይቀደዳል። ጋሪውም ላይ ያንኑ ታርጋ ምቱ። ለሰኞ ጋሪውን ሙሉ አረንጓዴ ማድረስ አትችሉም። የተላጠውን አንሱና ነጩን ላሜራ አጥባችሁ ንጹህ አድርጉ፣ ታርጋው አረንጓዴ ይሁን። በርሜል ሲሰበርም ታርጋውን ነቅላችሁ አዲሱ ላይ ትመቱታላችሁ።

ባለ ብሩሽ
ይኼ ሰው አዋቂ ነው። እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ታርጋ ቤት ካጣህ የድሮ የራጅ ፊልም ቁረጥ፣ አርማውን በምላጭ አውጣው፣ ፕራይመር የተቀባ ላሜራ ቁራጭ ላይ አስቀምጠህ በስፖንጅ ነካ ነካ እያደረግህ ቀባ። በብሩሽ ከሆነ ቀለሙ ከሥሩ ይሾልካል።

በርጩማ
እንደው ስለ እጀታ ማንም አላነሳም። አካፋና መጥረጊያ የላችሁም? የእንጨት እጀታ ላይ ቀለም አያዋጣም፣ እጅ ይበላዋል። አንድ ብየዳ ቤት ሂዱና የአርማችሁን አንድ ፊደል በብረት አሠሩ፣ እሳት ውስጥ አግሉና እጀታው ላይ አትሙት። እንደ ከብት ማኅተም። እኔ የምሠራው በርጩማ ሁሉ ሥሩ ላይ ምልክት አለው። ሰው "የጅማ ነው" ብሎ የማይሆን ሲሸጥ እኔ ገልብጬ አሳያለሁ።

አረንጓዴ ጋሪ
በጣም በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ገለቶማ! ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ጋ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ታርጋ። ሰደርያውንም ልጠይቅ ነበር። ጀርባው ላይ አርማ ልናሳትም ነው፣ ትልቅ አድርገን፣ የሚያንጸባርቀው መስመር ላይ ብናደርገው ያምራል?

ስቲከር ቤት
አታድርግ! መስመሩ ላይ ካተምክበት ማንጸባረቁ ይቀራል፣ ሌሊት መኪና አያያችሁም። ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ይሁን። የሰደርያው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ በስክሪን ፕሪንት ከሆነ ለፖሊስተር የሚሆን ቀለም ይጠቀሙ በል።

ባለ ብሩሽ
ታርጋውን ከመታህ በኋላ አንድ ነገር ሞክር። ዋናውን ቀለም ስትቀባ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ቀባ፣ ከደረቀ በኋላ በምላጭ መስቀለኛ ጫር ጫር አድርግበት፣ ፕላስተር ለጥፈህ በአንዴ ንቀለው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ አራቱንም ጋሪ ሳትቀባ አወቅክ ማለት ነው።

ሲስተር ዜድ
አረንጓዴ ጋሪ፣ ክሊኒኩ ምን አለህ? (ቅዳሜ ከሰዓት)

አባቡና ደጋፊ
ሰኞ እንዴት ሆነ ወንድሜ? ተቀበሏችሁ?

አዲስ ገቢ
ሰላም፣ እኔም የላሜራ በር አለኝ፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ምን ላድርግ?

የሄርማታ ልጅ
አቼቶ።