ጥቆማ፦ የ2 ዓመት ልጄን ፀጉር የት ላሠራ? ጥርሷንስ በምን ላጽዳ?

የሶሊያና እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል። ፀጉሯ ብዙ ነው። ከእንቅልፏ ስትነሣ ከማጅራቷ በላይ ያለው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይቋጠራል፤ ማበጠሪያ ሳነሣ ካየች አልጋ ሥር ትገባለች። ማታ ደግሞ ጥርሷን ላጽዳ ስል ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች፤ ብሩሹን በእጄ ካየች ልቅሶው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ሥራ የምገባው ከጠዋቱ 2፡30 ስለሆነ ብዙ ጊዜ እያለቀሰች ነው የምንለያየው፤ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ይውላል።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ከሰሚት እስከ መገናኛ ባለው መስመር የሕፃናትን ፀጉር በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ታውቃላችሁ? ፀጉር የሚያፍታታ ቅባት ወይም ማበጠሪያ ሞክራችሁ የወደዳችሁት የትኛውን ነው? ለዚህ ዕድሜ የሚሆን የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙናስ? ዋጋውንም ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ገርጂ
እህቴ፣ ሌላ አትፈልጊ። ሾላ ገበያ ሹሩባ የምትሠራ ሴት አለች። እኔም ሁለቱም ሴት ልጆቼም የምንሠራው እሷ ጋ ነው፤ እኔ ከጀመርኩ ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ልጅ ስታለቅስ አትቆጣም፤ ጭኗ ላይ አስደግፋ እያጫወተቻት ትጨርሳለች። ለልጅ 250 ብር ነው የምታስከፍለኝ። ስለ ጥርሱ ብዙም አላውቅም፤ የእኔ ልጆች 4 እና 6 ዓመታቸው ነው፣ ራሳቸው ይቦርሻሉ።

የበረከት አያት
ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ? እኛ ልጅ ስናሳድግ ሕፃን በፀጉር አይሠቃይም ነበር። ወንዱ ይላጭና ቁንጮ ይተውለታል፤ ሴቷ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ጋሜ ትሆናለች። ዐቅሟ ሲጠነክር ፀጉሯን ታሳድጋለች። ቅማልም አይይዛትም፣ ማበጠሪያም አያስለቅሳት። አሁን መላጨቱን ካልወደድሽው ለጋ ቅቤ በእጅሽ አሙቀሽ ቀቢያትና አሳድሪያት፤ ጠዋት ፀጉሯ ይለሰልስልሻል።

የማርያማዊት እናት
ልጅሽን የትም ከመውሰድሽ በፊት የእኔን ስሚኝ። ባለፈው ዓመት ልጄን ለጥምቀት ሹሩባ ላሠራት አንድ ፀጉር ቤት ወሰድኳት። የቤቱን ስም አልጠራም። ቤቱ ያማረ ነው፣ መስታወቱ ያብለጨልጫል፣ ወንበሩ የልጅ መኪና ቅርጽ አለው። ሠሪዋ ከፊታችን የነበረችውን ልጅ ባበጠረችበት ማበጠሪያ የእኔን ልጅ ማበጠር ጀመረች። በጥርሶቹ መሐል የሌላ ሰው ፀጉር ተሰክቶ ነበር። በዐይኔ አየሁት፤ ወረፋው ረጅም ስለነበረ አፍሬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሹሩባውን ስፈታ ከጆሮዋ በላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ክብ ቦታ ፀጉሯ ረግፎ አየሁ። ቆዳው ቅርፊት አለው፤ ፀጉሩ ከሥሩ የተቆረጠ ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። ቆረቆር ነው። ፋርማሲ ሄጄ ቅባት ገዛሁ፤ አንድ ወር ሙሉ ቀባሁት። ቦታው አንድ የነበረው ሦስት ሆነ። በኋላ የቆዳ ሐኪም ጋ ስወስዳት የሚዋጥ መድኃኒት ለስምንት ሳምንት ታዘዘላት። የ3 ዓመት ልጅ በየቀኑ መድኃኒት ማስዋጥ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ፀጉሯ አሁን ተመልሷል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ማንም እጅ ላይ አልሰጠኋትም።

የኖላዊ እናት
ወይኔ! እኛንም እንዲሁ አጋጥሞናል፣ የእኛ ግን የወንድ ነው። ፀጉሩን የተቆረጠበት ቶንዶስ ነው ያስያዘው። ቅባት ለምን አይበቃም? እኔም አሁን እየቀባሁት ነው ያለሁት።

ፋርማሲ የምሠራ
የኖላዊ እናት፣ ቅባቱ ብቻውን አይበቃም። ቆረቆር የሚያመጣው ፈንገስ የሚኖረው በፀጉሩ ሥር ውስጥ ነው፤ ከላይ የተቀባ ነገር እዚያ አይደርስም። ለዚህ ነው ሐኪም እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያዝዘው፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት የተሻለ ይቀበለዋል። ሳይታዘዝልሽ ግን አትግዢ፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ነው የሚሰላው። ፀረ ፈንገስ ሻምፖ ወደ ሌላ ሰው መዛመቱን ይቀንሳል። የወንድምና የእኅቶቹንም ራስ እያቸው። ማበጠሪያ፣ ኮፍያ፣ ፎጣና ትራስ በጋራ አትጠቀሙ። ቤት ያለውን ማበጠሪያ በሳሙና አጥበሽ በተበረዘ በረኪና ዘፍዝፈሽ አለቅልቂው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ገርጂ
የማርያማዊት እናት፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ በጣም አዘንኩ። የሾላዋ ግን እንዲህ አታደርግም።

የማርያማዊት እናት
አሜን፣ እህቴ። ማበጠሪያዋን ከልጅ ወደ ልጅ ስትሸጋገር በምን ታጥበዋለች?

የሁለት ልጆች እናት፣ ገርጂ
ሲታጠብ አላየሁም። ግን ሰባት ዓመት ምንም አልሆንንም። እጇ ወርቅ ነው።

የማርያማዊት እናት
እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም ሆኜ አላውቅም ነበር። የሁላችሁንም ልጆች እንደ ልጄ ስለማይ ነው የምለው፤ የራሳችሁን ማበጠሪያ ይዛችሁ ሂዱ። የሚቀየም ሠሪ ካለ ይቀየም።

የኤልዳና አባት፣ ጀሞ
እንግዲህ ሶሊያና የወተት ጥርሷን ነቅላ እስክትጨርስ ስለ ቆረቆር እንወያይ። ሴትየዋ የጠየቀችው እኮ ስለ ማበጠሪያና ስለ ጥርስ ብሩሽ ነው።

የማርያማዊት እናት
ወንድሜ፣ ልጅህ ራስ ላይ ሲወጣ ያኔ ትረዳኛለህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ
እኛ እዚህ ፀጉር የሚያፍታታ የሚረጭ ፈሳሽ ነው የምንጠቀመው፤ ከሱፐርማርኬት ነው የምገዛው። ረጨት አድርጌ ለስላሳ ማበጠሪያ ስሰድበት ያለ ለቅሶ ያልቃል። የገና ሰሞን ሰው ይመጣል፣ ከፈለግሽ እልክልሻለሁ።

ለሜቲ፣ አዳማ
ለሩቅ ሀገር ሰዎች ምስጋናችን ይድረስ፤ ግን እስከ ገና ልጅቷ ሳትበጠር አትከርምም። እዚህ የሚገኘውን ንገሩን።

የመንትዮቹ እናት፣ አያት
የሶሊያና እናት፣ የእኔ መንትዮች 3 ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በአንድ ራስ ፈንታ ሁለት ራስ ነው የማበጥረው። የተለየ ሱቅ የለኝም። ፒያሳም መርካቶም ያለው ጥርሱ ሰፋ ያለ ተራ የፕላስቲክ ማበጠሪያ በቂ ነው። ትንንሽ ጥርስ ያለውን ሚዶ ለዚህ ዕድሜ አታምጪው።

ልዩነት ያመጣልኝ አያያዙ ነው። ደረቅ ፀጉር በፍጹም አላበጥርም። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ያለቀበትን የሚረጭ ጠርሙስ ደጋግሜ በደንብ አጥቤ ውኃና ትንሽ ኮንዲሽነር ቀላቅዬ እሞላዋለሁ። ፀጉሩን ለአራት እከፍልና ሦስቱን አስራለሁ። የቀረውን ክፍል ከመሐሉ በግራ እጄ ጨበጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ ስለዚህ ማበጠሪያው ሲጎትት ጉተታው እጄ ላይ ይቀራል እንጂ ራሷ ላይ አይደርስም። ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል አበጥራለሁ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ እላለሁ፣ በመጨረሻ ከሥሩ። ቋጠሮ ካገኘሁ ማበጠሪያውን አስቀምጬ በጣቴ እከፋፍተዋለሁ። ከላይ ወደ ታች ስንጎትት ቋጠሮዎቹ ሁሉ እየተገፉ ጫፉ ላይ አንድ ላይ ነው የሚጠብቁት፤ ልጆቹን የሚያስለቅሳቸው እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሌሊቱ ነው። ማጅራቷ ላይ የሚቋጠረው ጥጥ ትራስ ላይ ስለምትፈተግ ነው። ከመርካቶ ሳቲን ጨርቅ በሜትር ገዝቼ ልብስ ሰፊ ጋ የትራስ ልብስ አሰፋሁ። ማታ ላላ አድርጌ ሁለት ጉንጉን እሠራላቸዋለሁ። ጠዋት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ። ቅባት ካልሽ የኮኮናት ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። እማማ ያሉት ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ክብር ይስጥልን፤ ሕፃን ልጅ ላይ ግን ለማጠብ ሁለት ጊዜ ሻምፖ ያስፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ ለቅሶው መታጠቢያ ቤት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ግንባር ላይ ዐይን እስኪያፈጥ የሚጠብቅ ሹሩባ አታሠሪያት። እየተጎተተ የኖረ የግንባር ፀጉር ይሳሳል፤ ጊዜ ካለፈው የማይመለስበት ጊዜ አለ።

የበረከት አያት
ተባረኪ ልጄ። እኔም አንቺ ያልሽውን የጣት ማፍታታት አውቀዋለሁ። ቅቤውን ግን አልተውም።

የኤልዳና አባት፣ ጀሞ
አሁን ጥሩ መልስ መጣ። ስለ ጥርሱ እኔ ልበል። ልጄ በብሩሽ እምቢ ስትል እኔ ጠዋት በወይራ መፋቂያ ስፍቅ አይታ እሷም ለምናኝ ጀመረች። አሁን አብረን ደጅ ላይ ቁጭ ብለን እንፍቃለን። ክትክታም ጥሩ ነው። አያቶቻችን ነጭ ጥርስ የነበራቸው በዚህ ነው፤ ለፕላስቲክ ብሩሽ ገንዘብ አታውጪ።

የጥርስ ሕክምና ባለሙያ
አባት፣ አብራችሁ መቀመጣችሁን ወድጄዋለሁ፤ ልጆች የሚያዩትን ነው የሚያደርጉት። መፋቂያ ለትልቅ ሰው መልካም ነው። የ2 ዓመት ልጅ ግን ጠንካራውን እንጨት ይዛ ብትወድቅ ድዷን ወይም ላንቃዋን ይወጋታል፤ የኋላ ጥርሶቿንም አይደርስላትም። ለእሷ ራሱ ትንሽ፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ የሕፃናት ብሩሽ ነው የሚያስፈልጋት። የትኛውም ሱፐርማርኬት አለ፤ ውዱና ርካሹ ብዙ አይለያይም፣ ለስላሳ የሚለውን ብቻ እዩ።

ሳሙናው ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። የልጅ ሥዕል ስላለበት ብቻ ፍሎራይድ (ጥርስ እንዳይበሰብስ የሚረዳው ማዕድን) አለው ማለት አይደለም። ጀርባውን አንብቡ፤ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ppm) ፍሎራይድ የሚል ፈልጉ። መጠኑ ከ3 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነው፤ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል። በማስታወቂያ ብሩሹን ሙሉ ሲሞሉት የምታዩት ለልጅ አይደለም።

ማስቦረሹን እንዲህ ሞክሪው፣ የሶሊያና እናት፦ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ልጅቷን በጀርባዋ አጋድሚያት፣ ራሷ ጭንሽ ላይ ይሁን፣ እግሯ ከአንቺ ይራቅ። ፊት ለፊት ቆመሽ ስትታገያት የማታይው የላይኛው የኋላ ጥርስ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። በሌላ ጣትሽ ከንፈሯን ከፍ አድርጊ። አንድ ብሩሽ ለእጇ ስጫት፣ በሌላው አንቺ ሥሪ። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይበቃሻል። ጠዋት ካመለጠሽ ያምልጥሽ፣ የማታው ግን አይቅር፤ ከዚያ በኋላ ጡጦ ይዛ አትተኛ። ወተቱ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷ ላይ ነው የሚያድረው።

የገርጂዋ እህቴ፣ ልጆች 7 ዓመት አካባቢ እስኪሆኑ ራሳቸው በደንብ አያጸዱም። እነሱ ከጨረሱ በኋላ አንቺ ድገሚላቸው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ገርጂ
አላወቅሁም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አያለሁ። (የሾላዋ ግን አሁንም የሾላዋ ናት።)

ለሜቲ፣ አዳማ
እኔ የተወለድኩት ወንጂ ነው። የእኔ ትውልድ ጥርስ ቡናማ የሆነው በውኃው ፍሎራይድ ነው ተብለናል። ወንድሜ ፎቶ ሲነሣ እስከ ዛሬ አፉን አይከፍትም። ታዲያ እናንተ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ግዙ ስትሉ ልቤ ይሸበራል። የእኔ ልጅ 2 ዓመቷ ነው፤ ምን ላድርግ?

የጥርስ ሕክምና ባለሙያ
ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ ያለው የጉድጓድ ውኃ ብዙ ፍሎራይድ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ ከዚያ እጅግ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ቡናማው ቀለም የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ልጁ በየቀኑ ከሚጠጣው ነው። አንዴ የወጣ ጥርስ ግን ቀለሙ በዚህ አይቀየርም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጅሽ የምትጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ እወቂ፤ የወንዝ ወይም የዝናብ ውኃ የተጣራ ከሆነ ይሻላል። ማፍላት ፍሎራይድ አያጠፋም። ሳሙናውን በሚመለከት አካባቢሽ ያለ የጥርስ ሐኪም ውኃችሁን አውቆ ቢመክርሽ ይመረጣል፤ እስከዚያ ከሩዝ ፍሬ አታስበልጪ፣ እንዳትውጥም አጠገቧ ሁኚ።

ለሜቲ፣ አዳማ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ አፍልቼ ነበር የማጠጣት።

የሶሊያና እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ማታ ማታ አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው። ትናንት ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሞከርኩ። አለቀሰች፣ ግን አፏ ተከፍቶ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የኋላ ጥርሶቿን አየሁ። ከላይ ፊት ለፊት ባሉት ሁለቱ ጥርሶቿ ላይ ድዷ አጠገብ ነጭ መስመር አለ። ስቦርሸው አይለቅም። ምንድን ነው?

የጥርስ ሕክምና ባለሙያ
ሳላይ ይህ ነው ብዬ አልወስንም። የመበስበስ መጀመሪያ እንደዚያ ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በዚህ ደረጃ ከተገኘ ሳይቦረቦር ማቆም ይቻላል። ቡናማ እስኪሆን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት አሳዪያት።

የማርያማዊት እናት
አይዞሽ እህቴ። አየሽው እኮ፤ አለማየቱ ነው የሚከፋው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ገርጂ
አይዞሽ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሾላ እሄዳለሁ፣ ከፈለግሽ አብረን እንሂድ። ማበጠሪያ ይዤ እመጣለሁ፣ አዲስ።

የኖላዊ እናት
እናንተ፣ ሰሚት አካባቢ ቶንዶሱን አጥቦ የሚቆርጥ የወንድ ፀጉር ቤት የምታውቁ?

ፋርማሲ የምሠራ
አንድ አውቃለሁ፣ ዓይኔ እያየ በአልኮል ነው የሚጠርገው። ስልኩን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

የኤልዳና አባት፣ ጀሞ
ለእኔም።