የመሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ አሮጌ ዕቃ መግዛት ያዋጣል?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ወገን። እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ ሊያስወግድ ነው። ማስታወቂያው ላይ የአማርኛ ታይፕ፣ የግድግዳ ሰዓትና አሮጌ ሬዲዮ አይቼ ልቤ ተሰቀለ። ችግሩ ሁሉም ከተሰባበረ ወንበርና ከቆርቆሮ ጋር በአንድ ሎት (ተነጣጥሎ በማይሸጥ ክምር) ገብተዋል። እኔ የምፈልገው ታይፗን ነው፣ ለቤት ጌጥ። በርካሽ እንዴት ላግኛት?

ዳሞቴው፦
ሎቱን አትንካው ወንድሜ። ከማን ጋር እንደምትጫረት ታውቃለህ? ከብረት ነጋዴ ጋር። እሱ ሰዓትም ታይፕም አይታየውም፤ ክምሩ ስንት ኪሎ እንደሚወጣ በዓይኑ ገምቶ ነው ፖስታው ውስጥ ዋጋ የሚከተው። አንተ ለአንዲት ታይፕ ብለህ ያን ሁሉ ቆርቆሮ በአይሱዙ ልታስጭን ነው? ይልቅ ጨረታው ሲከፈት ሂድና ያሸነፈውን እዚያው በር ላይ ያዘው። ዕቃው ሳይጫን ከጠየቅኸው ከኪሎ ዋጋዋ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይለቅልሃል። ብቻ ዓይንህ እንዳይስገበገብ፣ ካወቀብህ አለቀልህ።

ብቸና፦
ዕቃ በሚታይበት ቀን ቀድመህ ሂድ። ወረቀት ይዘህ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫን። የተጣበቀው በማሽን ዘይት ይላቀቃል፣ ለተሰበረ ፊደል ግን መለዋወጫ ማግኘት ዘበት ነው።

የጮቄ ሰው፦
ከርዕሱ ልውጣና፣ እንዲህ ያለ ቦታ ጠገራ ብር (ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ) ይዞ የሚዞር አይጠፋም። «1780 ይላል፣ ከ200 ዓመት በላይ ነው» ቢልህ አትደንግጥ። ማርትሬዛ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ስለኖረ ሁሉም 1780 ነው የሚለው። ሚዛን ላይ 28 ግራም ገደማ ይሁን፣ ጠርዙንም እየው፣ ጽሑፍ አለው። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። የ1923ቱ የኃይለ ሥላሴ ሳንቲም ውስጥ ግን ኒኬል ስላለ እሱን ማግኔት ቢስበው አትጣለው። ብራና ወይም የቤተ ክርስቲያን መስቀል ካመጡልህ ግን ዋጋም አትጠይቅ፤ ከየትኛው ደብር እንደወጣ ምን ታውቃለህ? የቅርስ አዋጅ 209/1992 አለ፣ ጣጣ ነው።

የማርቆስ ልጅ፦
ተባረኩ። ዳሞቴው፣ ሰውዬው ታይፗን ያለ ሬዲዮው አልሸጥም ቢለኝስ?

ዳሞቴው፦
ሬዲዮውንም ውሰዳ! ከመክፈልህ በፊት ግን ጀርባውን ክፈተው፤ አንዳንዴ የሆድ ዕቃው ተነቅሎ ቀፎው ብቻ ነው የሚቀረው።