ሞተሩ ሐይቅ መሃል እየጠፋ አስቸገረኝ

ጀልባዬ (ጠያቂ፣ ባሕር ዳር)
ሰላም ወገኖች። ጣና ላይ ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስባት ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልለት) ነው። ጠዋት ገመዱን አንዴ ስስበው ይነሳል። በዝግታ ስሄድ ምንም አይል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስሰጠው ግን ሩብ ሰዓት ያህል ይሄድና ትንፋሽ አጥሮት ይጠፋል። ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ፓምፕ ጨመቅ ጨመቅ ሳደርጋት ይነሳል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ነው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ሁለቴ ቀይሬያለሁ። የማወጣቸው ጥቁርና ቅባታም ናቸው። ማደያው ሰልፍ ሲሆን ቤንዚን በጀሪካን ከሰው እገዛለሁ፣ አልዋሽም። ትናንት ስምንት መንገደኛ ይዤ መሃል ላይ ቆምኩ። ከፈጣሪ በታች መቅዘፊያው አወጣኝ።

እምቦጭ ያማረረው
ወንድሜ፣ የውሃ መሳቢያውን አየኸው? የእምቦጭ ሥር ከደፈነው ሞተሩ ይግላል። ከኋላ የምትረጨው ቀጭን ውሃ ከቀነሰች ወዲያው አጥፋው። የኔ ፒስተን በዚሁ ነክሶ ቀርቷል።

ጀልባዬ
ውሃዋ በደንብ ትረጫለች። ሽፋኑን ስነካውም ያን ያህል አይፋጅም።

ጋሽ መፍቻ (ሐዋሳ)
ልጄ፣ ጎማ ተጨምቆ የሚነሳ ሞተር ነዳጅ ያጠረው ሞተር ነው። ካንዴላ በመቀየር ገንዘብህን አትጨርስ። በሚቀጥለው ሲያዳክመው ጎማዋን ከመጭመቅህ በፊት በዓይንህ እያት። ተጣብቃ ጠፍጣፋ ከሆነች ከእሷ በፊት የታፈነ ነገር አለ፤ ወይ የሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) መተንፈሻ፣ ወይ ውስጥ ያለችው የመሳቢያ ወንፊት። ቅርጿን ይዛ ልል ከሆነችና ስትጨምቃት ከተሻለው፣ ቱቦው አየር ይስባል ወይም ሞተሩ ላይ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ጠጥራ እያለች ከጠፋ ግን ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር እንፈታለን። ሳታይ ምንም አትፍታ።

የዱባዩ
እኔ ዱባይ ጄት ስኪ ማከራያ ነው የምሠራው። በተለይ የድሮዎቹ፣ ካርቡራተር ያላቸው፣ ይሄው በሽታ አለባቸው። መተንፈሻው ላይ አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ አለ። ጨውና አሸዋ ሲደፍነው ጥቂት ሮጦ ይሞታል። ክዳኑን ላላ ስናደርገው «ፍስስ» ብሎ አየር ይስብና ይነሳል። አንተም እንደጠፋ ክዳኑን አላላውና ጆሮህን ጣል። ሲጋራ የሚያጨስ መንገደኛ ግን አጠገብህ አይኑር!

መምህሩ
ጥቁሩ ካንዴላ ግን አልገባኝም። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ካንዴላው ይነጣል እንጂ አይጠቁርም። ዘይት ስንት ትቀላቅላለህ?

ጀልባዬ
ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር። ለጥንቃቄ ብዬ።

መምህሩ
20 ለ 1 እኮ ነው! መመሪያውን እይ፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት 50 ለ 1 ነው። ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዚያ ላይ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ችግር ነው ያለብህ። መጥቆሩ ሌላ፣ መጥፋቱ ሌላ።
የጀሪካኑንም ቤንዚን ዘይት ሳትጨምር ፈትሸው። በጠራ ጠርሙስ ቀድተህ አሳድረው፤ ውሃ ካለው ታች ይተኛል። ነጭ ወረቀት ላይም ጠብ አድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ የተቀላቀለበት ቅባት ጥሎ ይቀራል።

ጀልባዬ (ከሁለት ቀን በኋላ)
ጋሼ፣ ጎማዋ እንደ ቂጣ ተጣብቃ አገኘኋት! የመተንፈሻው ብሎን ክፍት ነው። ግን ክረምት ስለሆነ ዝናብ እንዳይገባ ብዬ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልዬ በላስቲክ አስሬው ነበር። ፌስታሉን ፈታሁት። ዘጌ ደርሶ መልስ አንዴም አልጠፋም። ሰው ሳይሰማብኝ ዝም ልል ነበር፣ ግን ሌላም የሚያስር ይኖራል።

ጋሽ መፍቻ
ደግ አደረግህ። ሰልባትዮውን ከመቀመጫ ሥር አስገባው፣ ከላይ ሸራ ዘርጋለት፤ ክዳኑን ግን አትነካካ። ወንፊቷንም አውጥተህ እጠባት።

ጀልባዬ
እሺ ጋሼ። ዘይቱንም 400 አድርጌዋለሁ፣ ጭሱ ቀንሷል። ጠርሙሱ ታች ግን አንድ ጣት የሚሆን ውሃ ተኝቶ አደረ። ጀሪካኑ ውስጥ 15 ሊትር አለ። ልድፋው?

መምህሩ
ሐይቁ ውስጥ ጠብታ እንዳትጥል! ጀሪካኑን ሳታነቃንቅ አሳድረውና ከላይ ያለውን ቀስ ብለህ በእጅ ፓምፕ ሳበው፤ በአፍህ እንዳትስብ። ያን በወረቀት ፈትነህ ካለፈ ተጠቀምበት። ታች የቀረውን ጋራዥ ውሰደው።