ኦፍሾር ማለት ምን ማለት ነው? አበባው ሆላንድ፣ ኢንቮይሱ በደሴት ስም

የሰበታዋ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰበታ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ በሒሳብ ክፍል ስሠራ ሁለት ዓመቴ ነው። ጽጌረዳችን ማታ ቦሌ ይጫናል፣ ሲነጋ ሆላንድ ይደርሳል። ኢንቮይሱን የምሠራው ግን ለሆላንዱ ገዢ ሳይሆን ካሪቢያን ባሕር ላይ ባሉት ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ለተመዘገበ ድርጅት ነው። አለቃዬን ብጠይቀው «ኦፍሾር ነው፣ የተለመደ ነው» ብሎ ዘጋኝ። ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ስለሆነ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ወንጀል ነው እንዴ?

ገላን ነኝ፦
እህቴ፣ ቃሉ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሲተረጎም «ከባሕር ዳርቻ ወዲያ» ማለት ነው፤ ባለቤቱ ከሚኖርበትና ሥራው ከሚሠራበት አገር ውጭ የተመዘገበ ድርጅት ወይም የተከፈተ ሒሳብ ይባልበታል። ባሕሩ የግድ አይደለም፣ ሉክሰምበርግም ባሕር ሳይኖራት ትጠራበታለች። እኛ ጎረቤት ዱከም ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. ጫማ መስፋት የጀመረው የቻይና ፋብሪካም ለባለቤቶቹ ኦፍሾር ነው፤ ያ ግን ሥራን ወደ ውጭ ማውጣት ነውና ከአንቺ ጉዳይ ጋር እንዳይምታታብሽ።

ጡረተኛ የግብር ኦዲተር፦
ልጄ፣ ነገሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። አንድ ካርቶን ለማምረት 6 ዶላር ወጣ እንበል። ለደሴቱ ድርጅት በ7 ይሸጣል፣ ደሴቱ ለሆላንድ በ12 ይሸጠዋል። አበባው ደሴቱን አይቶት አያውቅም፣ 5ቱ ዶላር ግን እዚያ ቀረ። እዚህ የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው፣ እዚያ ዜሮ። የሁለቱ ድርጅቶች ባለቤት አንድ ከሆነ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ዝም አይልም፦ የማይዛመዱ ነጋዴዎች በሚስማሙበት ዋጋ ነው መሸጥ ያለበት። ትራንስፈር ፕራይሲንግ የሚሉት እንዲህ የሚዛመዱ ድርጅቶች እርስ በርስ ሲሸጡ የሚተምኑትን ዋጋ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከአንድ የፓናማ የሕግ ቢሮ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ሲወጣ ከድርጅቶቹ ከግማሽ በላይ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገቡ ነበሩ። ሁሉም ሌባ ነው ማለት አይደለም። ባለቤቱን ግን እወቂ፣ ባንክ ያስፈቀዳችሁበት የገዢ ስምና ዋጋም ከኢንቮይሱ ጋር አንድ መሆኑን እይ።

የሰበታዋ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሦስት ኢንቮይስ አወጣሁ። ማሸጊያውን፣ የአውሮፕላን ጭነቱንና ደመወዙን ደምሬ ሳየው በኪሎ የሚተርፈን ጥቂት ሳንቲም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮም አልተረፈም» እየተባለ ለቃሚዎቹ ጭማሪ ሲከለከሉ ሰምቻለሁ። ሰኞ የደሴቱን ድርጅት ባለቤት የሚያሳይ ሰነድ በደብዳቤ እጠይቃለሁ፤ እስኪመጣ ቀጣዩን ኢንቮይስ አልፈርምም።